የኮከብ-ወለድ አባት

ቅጽ አንድ፣ ገጽ ሁለት፣ ከላይ በስተቀኝ፣
ደጃዝማች ነው አባቱ፤ ያኔ እንደዚያ አሰኘኝ።
ጎራዴው ብር ለበስ፣ ፈረሱ ዳማ፣
በአራተኛው ሣጥን ወደቀ፤ ጩኸቱ እስከ ጮቄ ተሰማ።
እናቱ ኮከብ ናት፤ በወለደችው ሌሊት
ብርሃኗን አውርሳው ጠፋች፤ ይኸው ነው የሷ ሞት።
ልጁም ኮከብ-ወለድ፤ ካባው ሰማያዊ፣
ተራራ ነቅናቂ፣ ዘመድ የለሽ፣ ምሥጢራዊ።

ይህን ሁሉ የሣልሁት እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል፣ ክረምቱ ሊወጣ መስከረም ሊገባ፣
በአባቴ ከሰል ነው።
ከማዳበሪያው አፍ ቀጭን ቀጭኑን እመርጣለሁ፣
በምላጭ እቀርጻለሁ፣
ከዚያ እጄን በሳሙና አሽቼ እወጣለሁ፤
"አባትህ ምን ይሠራል?" ላለኝ
"ነጋዴ ነው" ብዬ አልፋለሁ።

አባቴ አጉማስ ዲከረንስ ይቆርጣል፣
ይከምራል፣ አፈር ያለብሳል፣ ይለኩሳል፣
እንደታመመ ልጅ አጠገቡ ያድራል።
ጭሱ ነጭ ከሆነ ገና ነው፤ ወደ ሰማያዊ ሲዞር ደርሷል።
እሱ ይስላል፣ እኔ እሥላለሁ፤
ጆሮ አይለየውም።

ፊደል አልቆጠረም። እኅቴ ትሁኔ
ቅጽ አንድን ይዛ ሄዳ አነበበችለት
ከክምሩ አጠገብ፣ በእጅ ባትሪ፣ በሌሊት፤
"ይኼ ዷ! ያለው ተኩስ ነው፤ ይኼ የፈረሱ ሩጫ" እያለች።
አገጩን በአካፋው እጀታ ደግፎ ሰማ፣
እሳቱን አልፎ አልፎ እያየ።

ቅዳሜ ገበያ ወረደ፤ ጫማውን ደጄ ላይ አራግፎ ገባ።
"ደጃዝማቹ" አለኝ፣ "ደግ ሰው ይመስላል። ምነው ገደልኸው ሳ፣
ልጁ ገና ጥርስ ሳያበቅል?
ይኼን ሁሉ ጉልበት ምን ላይ እንደሚያውለው
ማን ይነግረዋል?"

ደንቡ ነው ልለው ነበር፤
ጀግና ሊፈጠር ሲል ቤቱ ይፈርሳል፣ ወላጅ ይቀበራል፣
ልጅ በቀል ይወርሳል፣ ከዚያ ይበራል።
ጥፍሩን አየሁት። ከሥሩ ያለው ጥቁር
የኔው ቀለም ነው፤
የደጃዝማቹ ጢም፣ የዳማው ጋማ።

ስለዚህ ቅጽ ሰባት ላይ ምሥጢሩ ይወጣል፤
አንድ የድሮ አሽከር "ደጃዝማች የሚባል አልነበረም" ይላል፣
"እኔ ፈጠርሁት፣ ልጁ እንዳያፍር ብዬ።"
ኮከብ-ወለድ ካባውን ሰብስቦ ይወርዳል ወደ ጭሱ፣
አንድ ሰው ያገኛል፣ አመድ የለበሰ እስከ ራሱ።
ተራራ ነቅናቂው አንዲት ግንድ ሊያነሣለት ሲል
"ተው" ይለዋል፤ "እሳት አይቸኩልም፣ አንተም አትቸኩል።"

ረቂቁን ትሁኔ አነበበችለት። ብዙ ዝም አለ።
"ሳሉን አውጣው" አለ። "ሰው እያነበበኝ አልስልም።
ደግሞ ከጻፍኸኝ አይቀር በቅሎ ስጠኝ፤
ለዚያ ለሌለው ሰውዬ ፈረስ ሰጥተኸው የለ?"
በቅሎ ሣልሁለት፤ ግራጫ፣ ጆሮዋ የቆመ።
ሳሉን ግን አላወጣሁም፤
በደቃቃ ፊደል ከሣጥኑ ጥግ አስቀመጥሁት፤
ትሁኔ ስታነብለት ትዘለዋለች።

ቀረች እናቱ። ኮከቧ።
እናቴ ሰማይ ላይ አልጠፋችም፤ በቻግኒ አውቶቡስ ነው የሄደች፣
ማክሰኞ ጠዋት፣ ትሁኔ ጡት በጣለች ሰሞን።
ዛሬም አለች፤ ልጆች አሏት፤ ስልኳ ይጠራል።
እኔ "ሞተች" ብዬ አንድ ሺህ ቅጂ አሳትሜ
ሰው "ያቺ ኮከብ አስለቀሰችኝ" ሲለኝ
እጅ ነሥቻለሁ።

መስኮት ላይ ሣልኋት፣ ፊቷን አዙራ፤ ውሸት ሆነ።
ከእነዚያ ልጆቿ ጋር ሣልኋት፤ ቂም ሆነ።
ኮከብ ሆና ትቆይ ብል፣ ከበቅሎዋ አጠገብ
ኮከቡ አልቆም አለ።
"ምን ልጻፍ?" አልሁት አባቴን።
"እሷን ጠይቃት" አለኝ፣ በቅሎዋን እያየ።

ከሰል ነጭ የለውም። ብርሃን የፈለገ
ወረቀቱን ሳይነካ መተው ነው።
ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ መሐለኛው ሣጥን ባዶ ነው።
አታሚው ደወለ፤ "ተዘሎ ነው ወይ?"
"ተወው" አልሁት፣ "ገና ነው።
ጭሱ ነጭ ነው።"